የአጥር ላይ ጣሳ

የልጅ ልጄ ሰሞኑን ከትምህርት ቤት «የእኔ ጀግና» የሚል የቤት ሥራ ይዛ መጣች። ከላይ ፎቶ ይለጠፋል፣ ከሥሩ አንድ ገጽ ይጻፋል። «እማማ፣ አንቺ በእኔ ዕድሜ ጀግናሽ ማን ነበር?» አለችኝ። መልሱ አፌ ላይ ነበር፤ ግን ዋጥኩት።

በንጉሡ ዘመን፣ ዲላ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ጀግናዬ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ሰባኪ ነበር። ጥቁሮች ከነጮች እኩል ይቀመጡ፣ እኩል ይብሉ እያለ አደባባይ የሚወጣ፣ ለዚሁም የሚታሰር ሰው። ፈረንጁ አስተማሪያችን ካመጣልን መጽሔት ላይ ፎቶውን ቆርጬ፣ በዱቄት ሙጫ ከአልጋዬ በላይ ለጠፍኩት። እናቴ ከረባቱን አይታ «የማን ልጅ ነው? ሽማግሌ ሊልክ ነው እንዴ?» ብላ ደነገጠች። እኔ ግን ጠዋት ጠዋት እጅ ልነሳው ምንም አይቀረኝም ነበር። ከልቤ እወደው ነበር።

ለወላጆች ቀን ስለ እሱ በእንግሊዝኛ ንግግር እንዳደርግ ተመረጥኩ። እንግሊዝኛዬ ለራሴም አይገባኝም። የሚያቃናልኝ ዱካሌ ነበር፤ የጭሰኛችን የአቶ በራሶ ልጅ፣ ከክፍላችን አንደኛ የሚወጣ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ተቀምጠን የተቀቀለ ጎደሬ እየበላን ሳለ እርሳሱን አስቀመጠ።

«ይሄ ሰውዬ እናንተ ቤት ቢመጣ የት ይቀመጣል?»

«ሳሎን ነዋ!»

«አባቴስ?»

አባቱ የት እንደሚቀመጡ ሁለታችንም እናውቃለን። በቡና ለቀማ ወራት መሬታችን ካለበት ከኢዲዶ በእግራቸው እየመጡ ድርሻችንን ያደርሳሉ፤ ከበራችን ውጭ ዋንዛው ሥር ይቀመጣሉ። ጠላ የሚሰጣቸውም አጥሩ ላይ በምትንጠለጠል ጣሳ ነው። ያቺን ጣሳ ከቤት ዕቃ ለይቼ የማጥባት እኔው ነበርኩ። አንድም ቀን አስቤበት አላውቅም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አቶ በራሶ ሲመጡ ሰባኪው ልቤን ሞልቶታል። «ግባ!» አልኳቸው፤ ያኔ «አንተ» ነበር የምንላቸው።

«ኧረ እሜቴ፣ እግሬ ጭቃ ነው።»

እጃቸውን ይዤ ጎተትኳቸውና ሳሎን አስገባኋቸው። ከወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጢጥ አሉ። በአባቴ ብርጭቆ ጠላ ቀዳሁላቸው፤ አልነኩትም።

አባቴ ከገበያ ተመለሰ። አልጮኸም። ኮፍያውን ሰቀለና «በራሶ፣ መሬቱ ሰለቸህ መሰለኝ» አለ። ጭሰኛ እንዲህ ከተባለ ጓዙን መጠቅለል ነው የሚቀረው።

«እኔ ነኝ ያስገባኋቸው» ማለት ነበረብኝ። ማንቆርቆሪያውን ታቅፌ ዝም አልኩ። አቶ በራሶ አንዴ አዩኝና ተነሡ።

«እኔው ነኝ የገባሁት፣ ጌታዬ። ልጅቱ አላየችም። መንገዱ አድክሞኝ ነው፣ ይማሩኝ» ብለው እስከ ወገባቸው ጎንበስ አሉ።

አባቴ ማራቸው፤ መሬቱን አልነጠቃቸውም ማለቴ ነው። ሲወጡ፣ እግራቸው የነካውን ወለል በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው ወጡ።

ሰኞ ዱካሌ ወረቀቴን አርሞ መለሰልኝ። ጎደሬውን ግን ያን ቀን ለብቻው በላ። በወላጆች ቀን ስለ ሰባኪው ድፍረት ተናገርኩ። ጭብጨባው ቀለጠ፤ እንግሊዝኛ የማይሰማው አባቴ እንኳ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። የዱካሌ እጆች ጉልበቱ ላይ እንዳሉ ቀሩ። ማታውን ፎቶውን ከግድግዳዬ ላይ ላጥኩት። ሰባኪው ያጠፋው ነገር የለም፤ እኔ ነኝ ዓይኑን ማየት ያቃተኝ።

«አቶ በራሶ ብለሽ ጻፊ» አልኳት የልጅ ልጄን።

«ምን አደረጉ?»

«ጥፋቱ የእኔ ሆኖ ሳለ፣ እኔ ነኝ አሉ።»

ሁሉንም ነገርኳት፤ ጻፈች። ስትጨርስ ሙጫዋን አንሥታ «ፎቷቸውስ?» አለች። በዚያ ሳሎን ከሠርግ እስከ ክርስትና ስንት ፎቶ ተነሥተናል። ከአጥሩ ውጭ ግን ማንንም አላነሣንም።

«የለም» አልኳት። የፎቶውን ቦታ ባዶውን ትታ ደብተሯን ዘጋች።