ሰኒያ ለወንድሟ የከለከለችው ዘር

ሰኒያና ታናሽ ወንድሟ ዘይንሁም ሆድና ጀርባ ናቸው። በቡሩሉስ ሐይቅ ዳር ይህን የማያውቅ የለም፤ እሷም መጥላቷን ደብቃ አታውቅም።

ጠባቸው በዓሣ ነው። አባታቸው ሲሞት ዘይንሁም የመሬት ድርሻውን ኩሬ አድርጎ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ማርባት ጀመረ። ትልልቁን እየመረጠ፣ ወንድም ዓሣን ከእህቱ እያዳቀለ፣ ከአንድ ቅርጫት ዓሣ የአገሩን ኩሬ ሁሉ በጫጩት ሞላው። ዓሣው ቶሎ ስለሚወፍር ሰው መረቀው። እሱ ግን ምርቃቱ አልበቃው ብሎ፣ ሰኒያ ከሐይቁ የምታጠምደውን ቆሮሶ ገበያ መሀል «የእህቴ ከሲታ ውሾች» እያለ ያላግጥባት ነበር።

ስድቡንስ በቻለችው። የተረፈውን ጫጩት ሐይቁ ውስጥ ሲደፋ ግን ዘሩ ከሐይቁ ዘር ጋር ተደባለቀ፤ መረቧም የመተንፈሻ ስንጥቡ ክዳን ያጠረ፣ አከርካሪው የጎበጠ ዓሣ ይዞላት ይወጣ ጀመር። ባሏ የሞተባት፣ ልጅ የሌላት ሴት ከዚያ ሌላ ምን እንጀራ አላት? ሸምበቆው መሀል ያለውን ጥግ አጥራ የድሮውን ዘር መጠበቅ ያዘች። ወደዚያ የቀረበውን የምትሸኘው በመቅዘፊያ ነው።

ባለፈው ክረምት ብርዱ ጠና። የዘይንሁም ዓሦች ሁሉም የአንድ ቤት ልጆች ናቸውና አንዱን የገደለው ብርድ ሌላውን አልማረም። የሰኒያ ከሲታዎች ግን ተረፉ።

ይኼኔ ዘይንሁም በሯ ላይ ቆሞ ለዘር የሚሆን ጥቂት ዓሣ ለመናት።

«ለእኔ ብለሽ አይደለም እትዬ። የሰው ኩሬ ሁሉ ባዶውን ቀረ።»

«ላንተ የእግሬንም ትቢያ አልሰጥ» አለችና በሩን ዘጋችበት። ደግ አደረገች።

ግን ጉልበቷ ከድቷታል፤ ጀልባዋ ላይ የምትወጣው እያቃሰተች ነው። እሷ ብትሞት አጥሩ ከለቅሶው ድንኳን በፊት እንደሚነቀል፣ የድሮው ዘርም እንደሚጠፋ ታውቃለች። ይህ ሐሳብ ከጥላቻዋ ይበልጥ አንገበገባት።

አንድ ማለዳ ዓሣ በበርሜል ሞልታ፣ በአህያ ጋሪ ጭና ኩሬው ድረስ ሄደች። ዘይንሁም ሊያግዛት ሲሮጥ እጁን መታ አባረረችውና ራሷ አወረደች።

«ካንተ ዘር የተረፈ ካለ እንዳትደባልቃቸው» አለችው። «በየጊዜው ከሸምበቆው ዓሣ አዲስ ደም ጨምርባቸው። አጥሩንም ከእንግዲህ የምትጠብቀው አንተ ነህ።»

«እሺ እትዬ። አላህ ይስጥሽ።»

«ምርቃትህን ለራስህ። ይቅር አላልኩህም። ስሞት ቃሬዛዬን እንዳትነካ።»

ዘይንሁም አቀርቅሮ ይህንንም እሺ አላት።