ፊቱን ወደ መንገድ ያዞረው ቤት

ሰው ለታይታ መኖር የለበትም እያልኩ ልጆቼን የምገሥጽ እኔ፣ ቤቴን የሠራሁት ለመንገደኛ ዓይን ነው።

የምንኖረው ከቦንጋ ወደ ሺሺንዳ በሚወስደው መንገድ ግርጌ፣ ተዳፋት ላይ ነበር። የእናቴ ሳር ቤት በእንሰቱ ተከልሎ በሩን ወደ ቁልቁለቱ ከፍቷል። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ያለ አስተማሪ ብቻዬን ስለሆነ የታተመ ነገር ሁሉ እውነት ይመስለኝ ነበር። አንድ በራሪ ወረቀት የቆርቆሮ ቤት ሥልጣኔ ነው ቢለኝ፣ ከእናቴ ቤት ጎን ባለ አራት ማዕዘን የቆርቆሮ ቤት አሠራሁ፤ በሩንም ሽቅብ ወደ መንገዱ አደረግኩት። ሽማግሌዎች ጎርፉ በዚያ በኩል እንደሚወርድ ቢነግሩኝ፣ እነሱ ማንበብ አይችሉም ብዬ ናቅኳቸው።

እናቴ ወደ አዲሱ ቤት እንድትገባና ሳር ቤቱ እንዲፈርስ ለቅዳሜ ደቦ ጠራሁ። እሳት ወደማይነድበት ቤት አልገባም አለች። ኮርኒሱ በጥላሸት እንዳይበላሽ እሳት የከለከልኩት እኔው ነበርኩ።

ሐሙስ ዕለት የወረዳ ባለሙያዎች የአርአያ አርሶ አደር ቤት ብለው ሊጎበኙኝ መጡ። ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣው አንዱ ስለ ዘመናዊ አኗኗር ማስረዳት እንደጀመረ ዝናቡ ወረደ። ቆርቆሮው ጮኸ፤ ሰውየውም ጮኸ፤ የተሰማው ቆርቆሮው ብቻ ነው። ወዲያው ጎርፉ በበሩ ገብቶ ጫማቸውን ሞላው።

እናቴ ከደጃፏ ሆና በእጇ ጠራችን። ሳር ቤቱ ውስጥ ዝናቡ ሹክሹክታ ሆነ። ባለሙያው ካልሲውን እሳት ዳር አስጥቶ ንግግሩን ካቆመበት ቀጠለ፤ እንዲህ ያሉ ጎጆዎች መፍረስ እንዳለባቸው መከረን። እናቴ ምን እንዳለ በቋንቋችን በካፊኖኖ ጠየቀችኝ። መዋሸት ስለማልወድ ነገርኳት።

«ካልሲው እስኪደርቅ ይታገሠን በለው» አለች።

ቃል በቃል ተረጎምኩለት። ካልሲውን አየና ማስታወሻ ደብተሩን ዘጋ። ከእሱ ይልቅ ያፈርኩት ግን እኔ ነኝ፤ እሱ መከረ እንጂ የማፍረሻውን ቀን የቆረጥኩት እኔ ነበርኩ።

ቅዳሜ ጎረቤቶቼ መጥረቢያ ይዘው መጡ። የእናቴ ቤት ጣሪያ ሳስቷልና ሳር አልብሱልኝ ብዬ ለመንኳቸው። ለምን ብሎ የጠየቀኝ የለም፤ ይህም ቅጣት ነበር። እነሱ ከላይ ሲከድኑ እኔ ከታች ሳሩን እያሰርኩ አቀብል ነበር። እናቴ አጠገቤ ቁጭ ብላ፣ ላልቷል እያለች ያሰርኩትን ሦስት ጊዜ አስፈታችኝ። ሦስቱንም ጊዜ ልክ ነበረች።