ሰማያዊዋ ሴሊካ እንዴት እንደተሸጠች

መኪና መንዳት ያስተማረኝ አባቴ አይደለም። ሳሊተ ምሕረት ሰፈር ጎረቤታችን የሆኑ፣ ጡረታ የወጡ የአውሮፕላን መካኒክ ናቸው ያስተማሩኝ። ጋሼ እላቸዋለሁ። አባቴ "ሴት ልጅ መሪ ይዛ የት ልትደርስ ነው?" ብሎ ሲከለክለኝ፣ እሳቸው በሰማያዊ ሴሊካቸው ያኔ ሜዳ ወደነበረው ቦሌ ቡልቡላ ይዘውኝ ሄዱ። ሁለት በር ያላት፣ በዕድሜ የምትበልጠኝ የጃፓን ስፖርት መኪና ነበረች። ፍሪሲዮኑን በድንገት ስለቀው እንደ ፍየል ዘላ ትጠፋለች። አንድ ቀን እንኳ አልጮሁብኝም። "ድምጿን ስሚ፣ ማርሽ መቼ እንደምትፈልግ ራሷ ትነግርሻለች" ይሉኝ ነበር።

ዓመታት አልፈው ጉልበታቸው ሲታመም ፍሪሲዮን መርገጥ አቃታቸው። እኔ ኦሎምፒያ አንድ ቢሮ ተቀጥሬ ነበር።

"ጋሼ፣ ለእኔ ይሽጡልኝ" አልኳቸው።

"ካንቺ ሌላ ለማን እሸጣታለሁ?" አሉና ዋጋ ነገሩኝ። የሚያስፈራ አልነበረም። ዕቁብ ገባሁ።

ዕቁቡ ሲደርሰኝ ግን ገበያው ተገልብጦ ጠበቀኝ። በነዳጅ የሚሠራ መኪና ማስገባት ተከልክሎ፣ አገር ውስጥ ያለው ሁሉ ወርቅ ሆኗል። በዚያ ላይ አሮጌ የጃፓን ስፖርት መኪና እያስጮሁ ቲክቶክ ላይ የሚለጥፉ መጡ። ትናንት "ቆርቆሮ" ሲሉት የነበረውን ዛሬ "ክላሲክ" አሉት። ሽያጩን የያዘው የጋሼ ልጅ አባቱ የነገሩኝን ዋጋ እጥፍ አድርጎ ጠራልኝ። ዋጥ አድርጌ ሄድኩ፤ የአንገትና የጆሮ ወርቄን ሸጬ ስመለስ ዋጋው ያንንም አልፎ ሄዷል። ልጁ ያመጣው ደላላ የግቢውን በር ተደግፎ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

"እህት፣ አንቺ እንደ ቪትዝ ያለች ትንሽ መኪና ናት የምታምርብሽ። ይቺ የወንድ መኪና ናት።"

"በዚህች መኪና መንዳት ስማር አንተ ብስክሌት እንኳ አትችልም ነበር!" አልኩት። ሳቀብኝ። በጥፊ ባጮልኩት ደስ ባለኝ! ጋሼ በረንዳው ላይ ተቀምጠው መሬት መሬቱን ያያሉ። በሳምንቱ ለሌላ ሰው ተሸጠች።

ከወራት በኋላ ቦሌ መንገድ ላይ አየኋት። አንድ ላውንጅ በር ላይ፣ የሲሚንቶ መደብ ላይ ተሰቅላ፣ ጎማዋ ተንፍሶ፣ ዙሪያዋን አምፖል ተጠምጥሞባት። ወጣቶች እየተደገፏት ፎቶ ይነሳሉ። ዘበኛውን ጠየቅኩት።

"ሞተሯን አውጥተው ለብቻው ሸጡት። እሷ ለጌጥ ናት" አለኝ።

ደሜ ፈላ። ከዚያው በቀጥታ ጋሼ ቤት ሄጄ፣ ሳልቀመጥ፣ ያየሁትን ሁሉ ዘረገፍኩላቸው። እንደሚያማቸው አውቃለሁ። እንዲያማቸውም ፈልጌ ነበር።

"ውሰጂኝ" አሉ።

ታክሲ ጠርቼ ወሰድኳቸው። ከዘራቸውን ተመርኩዘው እንደምንም መደቡ ላይ ወጡና ኮፈኑን ከፈቱ። ባዶ። ባዶውን ትክ ብለው አዩት። ከዚያ አስተናጋጁን ጠሩት።

"የኔ ልጅ፣ መስኮቷን ዝጉላት፤ ዝናብ ይገባባታል።"

"አይዘጋም አባባ፣ ተበላሽቷል" አላቸው፣ ትሪውን እንደያዘ።

ስንመለስ ታክሲው ውስጥ መታገሥ አልቻልኩም። "ለምን ፈረሙ ጋሼ? ቃል ገብተውልኝ አልነበር?"

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። "ልጄን እምቢ ማለት አቃተኝ" አሉ። "አንቺን እምቢ ማለት ቀለለኝ።"

ይቅርታ ቢሉኝ፣ ቢዋሹኝም እንኳ ይሻለኝ ነበር። በራቸው ላይ አወረድኳቸው፤ ግቢ ቢሉኝም አልገባሁም።

አሁንም በዓል ሲሆን እሄዳለሁ። ዳቦ ይቆርሱልኛል፣ ጉልበታቸው እንዴት እንደሆነ እጠይቃለሁ። ስለ መኪና ግን አንስተን አናውቅም። ልጃቸው ወደ ሳሎን ሲገባ እኔ ተነስቼ እወጣለሁ።