የይርሳው ጉልበትና የሰርጉ ኩንታል

ይህ ነገር በጠቅላላው ያስወጣኝ አንድ መቶ ብር ነው። አንድ ኩንታል ሩዝም አለበት፤ እሱ ግን የሰርግ ስጦታ ስለነበረ ከዚህ ኃጢአት ወጪ አልቆጥረውም። ለሚስቴ አልተናገርሁም። ለንስሐ አባቴም አልተናገርሁም፤ እግራቸው ሥር ስወድቅ በጾም የቀመስሁትን ቅቤ፣ በሚዛን ላይ የሠራሁትን ሁሉ እዘረዝርና እዚህኛው ላይ ስደርስ «ይፍቱኝ» ብዬ እነሣለሁ። እናንተ ግን አታውቁኝም፣ ቀኖናም አትሰጡኝም። ስለዚህ ለእናንተ ልናገር።

ወረታ ላይ ሩዝ እነግዳለሁ። ይርሳው ክረምት በገባ ቁጥር ውኃ ከሚተኛበት ከፎገራ ሜዳ መጥቶ መጋዘኔ ውስጥ ተሸካሚ ሲሆን አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር። ሌላው ኩንታል ለማንሣት አግዙኝ ሲል፣ እሱ ጀርባው ላይ አጋድሞ እያፏጨ መኪና ላይ ይወጣል። ሥራ ሲያልቅ ደግሞ ሩዝ የታጨደበት ማሳ ላይ ኳስ ይጫወታል። ከይፋግ ልጆች ጋር በተጋጠሙ ጊዜ አጥቂያቸው ከትከሻው ጋር ተላትሞ ወደቀና፣ «ግድግዳ ማሰለፍ ተፈቅዷል እንዴ?» ብሎ ዳኛውን ጠየቀ። ያን ቀን ያየው አሠልጣኝ ባሕር ዳር ወሰደው፤ ከዚያም አዲስ አበባ ገባ። በትልቁ ሊግ ሰባት ዓመት የመሐል ተከላካይ ሆኖ ተጫወተ።

ደስ አላለኝም? ብሎኛል፤ ሁለት ዓመት ያህል። ኳስ ማሳያ ቤት ስገባ «የይርሳው ጌታ መጣ» ይሉና ወንበር ይለቁልኛል። ቆይቶ «ይርሳው ይሸከምለት የነበረው ሰውዬ» ሆንሁ። ከዚያ ወንበሩም ቀረ። ዕድሜዬን ሙሉ የነገድሁበት ስም በአንድ ተሸካሚ ስም ተተካ። ሰው በዚህ ይታመማል? እኔ ታመምሁ።

በጥር ለዕረፍት መጣ። ሱቄ ገብቶ በሩን መለስ አደረገና ዝቅ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ይህን ለእርስዎ ብቻ ነው የምነግር። የግራ ጉልበቴ ጅማቱ ግማሹ ተበጥሷል። ሐኪሙ እንዳትሮጥ፣ ምንም ነገር እንዳታነሣ ብሎኛል። ከሦስት ሳምንት በኋላ አዲሱ ቡድን ያስመረምረኛል፤ ካለፍሁ የሁለት ዓመት ውል እፈርማለሁ። እናቴን ከዚያ ውኃ አውጥቼ እዚህ ቤት እሠራላታለሁ» አለኝ።

«ከእኔ አይወጣም» አልሁት።

እሑድ ጎረቤታችን ልጁን ዳረ። ሩዜን በጋሪ አስጭኜ ቀድሜ ደረስሁ። ኩንታሉን ዳሱ ደጃፍ ላይ አራገፉት፤ ባለቤቱ «ግቡ፣ ግቡ» አለኝ፣ ፊቴን ሳያይ። ተቀመጥሁ። ይርሳው ሲገባ ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ብድግ አሉ። አስተናባሪው መጣና ትከሻዬን ነካ አድርጎ፣ «ትንሽ ጠጋ ይበሉ፣ ለይርሳው» አለኝ።

ጠጋ አልሁ። ይኸው ነው ምክንያቴ። ከዚህ የሚበልጥ ምክንያት ብፈልግ አላገኘሁም።

ተነሥቼ ወጣሁ። አዝማሪውን ከዳሱ ጀርባ ጠራሁትና ግጥም ሰጠሁት፤ መቶ ብሩን እጁ ላይ አስጨበጥሁት። ማን እንደሰጠህ አትናገር አልሁት። እኔ ነኝ የሰጠሁት። ስንኙን በጣቴ እየቆጠርሁ፣ ቤት እስኪመታ ድረስ እያረምሁ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ተመልሼ ከይርሳው አጠገብ ተቀመጥሁ። አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ ፊታችን መጥቶ ቆመ፦

*የወረታው ጎበዝ ኩንታል አንሺ ነበር፣*
*ኳስ አለሰለሰው እንደ ሙሽራ ከንፈር።*
*ሩዙ ደጅ ላይ ቀረ፣ ማን ወንድ ሊያነሣ?*
*ጎበዙን ጥሩልኝ፣ ከተኛ ይነሣ!*

ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። በእኛ አገር በሰርግ መካከል በስምህ ከተገጠመብህ ወይ ትሸልማለህ ወይ ትነሣለህ። ይርሳው ብልህ ነው፤ ሳቀና ለአዝማሪው የሚሸልመውን ሊያወጣ ኪሱ ገባ። ነገሩ እዚያ ላይ ያልቅ ነበር። ተሸልሞ ያልፍ ነበር።

እኔ ግን ተነሣሁ። ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርጌ፣ «ተዉት እንጂ! ልጁ ጉልበቱን ታሟል፣ ምንም አያነሣም!» ብዬ ጮኽሁ።

ከዚያ አንዱ ሚዜ፣ «እንዴ! ጉልበት ከሌለው ምኑን ነው የሚጫወተው?» አለ። ሌላው ተቀበለ፦ «ተዉት ሙሽራዪቱ ታንሣለት!»

ይርሳው አየኝ። በቁጣ አልነበረም፤ ‹ሊከላከልልኝ ሲል አመለጠው› ብሎ ነው ያየኝ። ኮቱን አወለቀና «ይያዙልኝ፣ ጋሼ» አለኝ። ያዝሁለት።

ኩንታሉን አነሣው። እንደ ድሮው ጀርባው ላይ አጋደመው፤ ሴቶቹ እልል አሉ። የጓዳው ደፍ ላይ ሲደርስ እርጥብ አገዳ ሲሰበር የሚሰማው ድምፅ ተሰማ። ከነሩዙ ወደቀ። ኋላ የነበሩት ሴቶች ያስገባው መስሏቸው እልልታውን ቀጠሉ፤ እሱ ከሥር ይጮኻል፣ እነሱ ያሽሞነሙኑታል።

ጎረምሶቹ አዝማሪው ላይ ተነሡበት። ማሲንቆውን ከድንጋይ ጋር አጋጩት። «ተሰጥቶኝ ነው!» ይላል። «ማን ሰጠህ?» አሉት። ወደ እኔ ዞረ። እኔም አየሁት። እሱ እንግዳ ነው፣ እኔ የአገሩ ሰው። ዝም አለና ተመታ።

ይበጠሳል ብዬ አላሰብሁም ልበል? አስቤአለሁ። ከዳሱ ጀርባ ግጥሙን ሳቀብል፣ ቀኙ ነበር ግራው ያለኝ እያልሁ ለማስታወስ እየሞከርሁ ነበር። ሰይጣን አሳሳተኝ ልበል? ሰይጣን ቤት መምታት አያውቅም።

ቡድኑ ሌላ ሰው አስፈረመ። እኔም ይርሳውን መጋዘኔ በር ላይ ወንበር ሰጥቼ ጆንያ ቆጣሪ አደረግሁት። የከተማው ሰው «እግዜር ይስጥህ፣ ወድቆ አልተውኸውም» ይለኛል። «አሜን» እላለሁ።

ይርሳው ከዚያ በኋላ አገባ፤ ባለፈው ሳምንት ሚስቱ ወንድ ልጅ ወለደች። ይርሳው እያነከሰ ገባና፣ «ጋሼ፣ ልጄን ክርስትና ያንሡልኝ። ያን ዕለት ‹ተዉት› ብሎ የጮኸልኝ ከእርስዎ በቀር ማን ነበር?» አለኝ።

እሺ አልሁት። ዐርባው ቀን እስኪደርስ ጊዜ አለኝ፤ ግን እንደማልነግረው አውቃለሁ። ይቅርታም አልለምነውም። ብለምነው ይሰጠኛል፤ ያ ደግሞ ሰርቄ የምወስድበት ሌላ ነገር ይሆናል። እናንተም አትማሩኝ።

ይርሳው ከዚያ ወዲህ ኳስ አልመታም። እናቱ አሁንም ውኃው ሜዳ ላይ ናት። አዝማሪው ወረታን አልረገጠም። እኔ ደህና ነኝ።