«ሂድ» ማለት የተከለከለበት ሜዳ

መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው በአንዲት የሻይ ሣጥን ክዳን ላይ ነው። ከነገሌ ከተማ ወጣ ብሎ፣ አውሮፕላን በሚያርፍበት ቀይ ሜዳ ዳር በቆመች የቆርቆሮ ጎጆ በር ላይ በሚስማር ተመትታለች። በከሰል እንዲህ ተጽፎባታል፦ «በዚህ ሜዳ ሂድ ማለት ክልክል ነው።»

አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። ጊዜው 1960 ዓ.ም. ነው፤ ከዩኒቨርሲቲ ለአንድ ዓመት አገልግሎት እንዳስተምር ተልኬ፣ አውሮፕላኑ ቀርቷል ስለተባለ በጭነት መኪና ሦስት ቀን ተንገላትቼ ከገባሁ ገና አራተኛ ቀኔ ነበር። ወደ ሜዳው የሄድኩት ደብዳቤ የሚያመጣው አውሮፕላን መቼ እንደሚመለስ ልጠይቅ ነው። ግጥም የምሞክር ሰው ነኝ። መለያየትን በአዋጅ የከለከለ አገር! ደብተሬን አውጥቼ መጻፍ ስጀምር ከጎጆዋ ውስጥ የሴት ድምፅ መጣ።

«የምትመዘን ከሆነ ጫማህን አውልቅ!»

ከሚላ ትባላለች። ሥራዋ መንገደኛውንና ሻንጣውን መመዘን፣ የአውሮፕላኑ ድምፅ ሲሰማ ደግሞ የነፋሱን አቅጣጫ ለአብራሪው ለማሳየት ጭስ ማጨስ ነው።

«ይህን የጻፈው ማን ነው?» አልኳት።

«እኔ ነኝ፤ እስከ አራተኛ ክፍል ተምሬያለሁ። ምነው፣ ፊደል ገደፍኩ?»

«ኧረ የለም! ምን ማለት እንደሆነ ነው ያልገባኝ።»

«እሱን አሥር አለቃን ጠይቃቸው። እኔ ስናገረው ሳቁ አያስጨርሰኝም።»

አሥር አለቃ ወልደገብርኤል ከጎጆዋ ጀርባ በርሜል ላይ ተቀምጠዋል። በዚያ ሙቀት የወታደር ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል። የተጉለት ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን በሠራዊቱ ውስጥ ጨርሰው፣ የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት በነገሌ ካምፕ ግምጃ ቤት አሳለፉ፤ ከተማውን የሚያውቁት በአጥሩ ሽቦ በኩል ነበር። ጡረታ ሲወጡ የሜዳው ኃላፊ ሆኑ። ኃላፊነታቸው በሳምንት ሁለት ቀን፣ አውሮፕላን ሲመጣ፣ ሜዳውን ከከብት ማጽዳት ነው። በሥራቸው ሁለት ሰዎች አሉ፤ አንዷ ከሚላ፣ ሁለተኛው ከተልተሌ የመጡ ዳዳቻ የሚባሉ ሽማግሌ።

«አብሮ መሥራት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ?» አሉኝ። «አንድ አፍና አራት ጆሮ ማለት ነው። አፉ እኔ ነኝ። ጆሮዎቹ ናቸው ያስቸገሩኝ።»

ችግሩ የጀመረው ገና በሰላምታው ነው። ዳዳቻ ሲመጡ «ናጋ?» ይላሉ፤ በአገሩ ቋንቋ ሰላም ነው ወይ ማለታቸው ነው። አሥር አለቃ ደግሞ «አዎ፣ ነግቷል» ይላሉ። ከሰዓት በኋላ ሲገናኙ ዳዳቻ እንደገና «ናጋ?» ይላሉ። አሥር አለቃ ፀሐይዋን ቀና ብለው ያዩና «ይህ ሰው ዓይኑን መታከም አለበት» ይላሉ።

አሥር አለቃ ሥራውን በያዙ በሦስተኛው ሳምንት፣ አንድ ማክሰኞ አውሮፕላኑ ተሰማ። ሜዳው መሀል ሻኛው ጉብታ የሚያክል በሬ ቆሟል። አሥር አለቃ ከሩቅ ጮኹ፦ «አንተ ዳዳቻ! ሂድ! ሂድ በለው!»

ዳዳቻ ተገረሙ። ከሩቅ ጆሯቸው የገባው «ሂዲ» ነው፤ በኦሮምኛ እሰር ማለት ነው። አለቃ ካለ ግን ምን ይደረጋል? ገመዳቸውን ፈትተው በሬውን የማረፊያውን መስመር ከሚያሳየው፣ በኖራ ከተቀባው ካስማ ጋር አሰሩት። አሥር አለቃ «ሂድ እኮ ነው የምልህ!» ብለው አበዱ። ዳዳቻ ገመዱ ላልቶ መስሏቸው አጠበቁት። «ሂድ! ሂድ! ሂድ!» ሲሏቸው የፊት እግሮቹን አሰሩ፤ ከዚያም የኋላዎቹን። በሬው ጋደም አለ። አውሮፕላኑ ሦስት ጊዜ ዞረ፣ በሬው አልተነሣም፤ አውሮፕላኑ ወደ መጣበት ተመለሰ።

አሥር አለቃ ለዳዳቻ ያልሰጡት ስም አልነበረም። ዳዳቻ ገመዳቸውን ጠቅልለው ወደ ቤታቸው ሄደው ቀሩ። በሳምንቱ በጭነት መኪና ደብዳቤ መጣ፦ በሚቀጥለው ሐሙስ ተቆጣጣሪ በአውሮፕላኑ ይመጣል፤ ሜዳው ላይ ከብት ከተገኘ ነገሌ ከበረራው መስመር ትሰረዛለች፤ ሦስቱም ሠራተኞች ይሰናበታሉ። ከሚላ የዚያን ቀን ነው የሻይ ሣጥኗን ክዳን ነቅላ የጻፈችው።

ይህን የሰማሁት ረቡዕ ዕለት ነው። ሐሙስ ነገ ነበር።

«ዳዳቻ ካልተመለሱ አለቀልን» አለች ከሚላ። «እዚህ ከብት የሚያውቅ እሳቸው ብቻ ናቸው። እርስዎ ይሂዱና ይቅርታ ይጠይቋቸው።»

«እኔ? ያሰረው እሱ፣ ይቅርታ ጠያቂ እኔ?»

«ልጆቼን እርስዎ ያበሏቸዋል? እንግዲያው ይነሡ።»

ተነሡ። እኔም ደብተሬን ይዤ ተከተልኩ። ዳዳቻ ከቤታቸው ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ገመድ ይገምዳሉ።

«ናጋ?» አሉ ቀና ሳይሉ።

አሥር አለቃ ፀሐይዋን ሊያዩ ሲሉ ከሚላ በክርኗ ጎሸመቻቸው። «ናጋ» አሉ።

«አሥር አለቃ፣ እኔ ምን አጠፋሁ? አንቱ ሂዲ አሉ፣ አሰርኩ። ደግሞ ሂዲ አሉ፣ እግሩን አሰርኩ። አውሮፕላኑ ባይመለስ ጅራቱ ብቻ ነበር የቀረኝ።» ገመዱን አስቀመጡ። «እኔ አንቱ እላለሁ፣ እርስዎ አንተ ይሉኛል። እኔ እኮ አያት ነኝ፤ ልጄ ጋልጋሎ ልጆች አሉት።»

አሥር አለቃ ኮታቸውን አስተካከሉ። ከዚያ ተረከዛቸውን አጋጭተው ቀጥ ብለው ቆሙና ለጄኔራል ሪፖርት እንደሚያደርግ ሰው ጮኹ፦ «አጥፍቻለሁ፣ አባ ጋልጋሎ!»

ዶሮዎቹ ተበተኑ። ዳዳቻ ፈገግ አሉ። «ደንቆሮ አይደለሁም» አሉ። «ይቀመጡ።»

እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ጉባኤ አላየሁም። ከሚላ መሀል ተቀምጣ አንዱን ቃል ለሌላው ታቀብላለች።

«እርስዎ ከብቶቹን እንዴት ነው የሚያወጧቸው?» ብላ ጠየቀች።

«አሥር አለቃ ከኋላ ይጮኻሉ» አሉ ዳዳቻ። «ላም ከኋላዋ የሚጮኽ የምታውቀው ጅብ ነው። ፊት ፊታቸው መራመድ ነው። ኮቱ ማለት።»

አሥር አለቃ ደንግጠው የኮታቸውን ቁልፍ ጨበጡ። «ኮቱ ምን ሆነ?»

«ኮቱ ማለት ነይ ማለት ነው» አለች ከሚላ እንባዋን እየጠረገች።

«ረጋ ብሎ ኮቱ፣ ኮቱ» አሉ ዳዳቻ። «ወደ ኋላ እንዳይዞሩ። ከዞሩ፣ ይህ ሰው አላመነንም ብለው ይቆማሉ።»

«አውሮፕላን ከኋላዬ እየመጣ አልዞርም?»

«አይዞሩም።»

ሥራው ተከፈለ። ዳዳቻ ከብት የሚበዛበትን የታችኛውን ጫፍ፣ ከሚላ ጭሱን፣ አሥር አለቃ መሀሉን ያዙ። እኔስ ብዬ ጠየቅኩ።

«አንተ አትጩህ» አለችኝ ከሚላ።

ሐሙስ ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ነጠላ ይመስል ነበር። አውሮፕላኑ ገና እንደ ንብ ሲያንጎራጉር ዳዳቻ ከታች አርባ የሚሆኑ ከብቶችን አስከትለው ሲወጡ በሩቁ አየሁ። ከሚላ እርጥብ ቅጠል እሳቱ ላይ ከምራ እያሳለች ነው። ደስታዬ ሳያበቃ፣ በካምፑ በኩል ስምንት ላሞች ዘው ብለው ገብተው ሜዳው መሀል መጋጥ ጀመሩ። ዳዳቻ ሩቅ ናቸው። ቅርብ ያሉት አሥር አለቃ ብቻ ናቸው።

አፋቸውን ከፈቱ። የአንገታቸው ሥር ሲወጠር አየሁ። የዕድሜ ልክ ትእዛዝ ጉሮሯቸው ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ አፋቸውን ገጠሙ፣ ላሞቹን ዞረው ፊታቸው ቆሙ፣ ጀርባቸውን ሰጡና እንግዳ ወደ ቤት እንደሚያስገባ ሰው ዝግ ባለ ድምፅ «ኮቱ… ኮቱ…» እያሉ መራመድ ጀመሩ።

አንዷ ላም ቀና አለች። ቀጥሎ ሌላዋ። ስምንቱም እንደ ሰልፈኛ ተከተሉ። የመጨረሻዋ ከሜዳው እንደወጣች የአውሮፕላኑ ጎማ ቀዩን አፈር ነካ። ድምፁ ምድሩን አናወጠው፤ እኔ ጆሮዬን ይዤ ተቀመጥኩ፤ አሥር አለቃ አልዞሩም።

ተቆጣጣሪው ቦርሳውን ይዞ ወረደ። ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር አየ። አንዲት ላም እንኳን የለችም። ወረቀቱ ላይ ምልክት አደረገና «ይቀጥላል» አለ። ከሚላ እጆቿን ወደ ሰማይ ዘረጋች።

«የሜዳው ኃላፊ የት ነው?»

በጣቴ አሳየሁት።

«ጥራው እንጂ!»

«አይጠሩም» አሉ ዳዳቻ፣ እያለከለኩ ደርሰው። «ከዞሩ ላሞቹ ይመለሳሉ።»

«ታዲያ እስከ መቼ ነው የማይዞረው?» አለ ተቆጣጣሪው።

ዳዳቻ አሰቡ። ከሚላን አዩ፣ እኔን አዩ። «እሱን አልነገርኳቸውም» አሉ።

«እንግዲህ ሞያሌ ሲደርሱ ይጠይቃሉ» አለች ከሚላ፤ ነጠላዋን አጣፍታ ልትደርስባቸው ሮጠች።

አቧራው ሲረጋ አሥር አለቃ ወልደገብርኤል የመጀመሪያዎቹን ግራሮች አልፈዋል። ኮታቸው እንደተቆለፈ፣ አንገታቸው እንደቀና፣ ስምንት ላሞች አስከትለው እየራቁ ነው፤ ድምፃቸው በነፋሱ እየቀጠነ ይመጣል፤ ኮቱ… ኮቱ…