ጋሽ ይማም እና «ደህና ነን» ያሉት ሴቶች

ጋሽ ይማም ባለፈው ሐሙስ መካነ ሰላም በሚገኘው ቤታቸው አረፉ። የዝሁር ሶላት ሰግደው ጋደም ካሉበት አልተነሡም። ቀብራቸው በማግሥቱ ከጁምዓ በኋላ ተፈጽሟል፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ተከትሎ ሸኝቷቸዋል።

ይህን የምጽፈው ለምታውቋቸው ሁሉ ነው። በተለይ ደግሞ ከዓመታት በፊት ከሥራ ቦታቸው ተነሥተው ወደ ማሻ ለምን እንደተዛወሩ በትክክል ሳትሰሙ ለቀራችሁ ነው። «አጥፍተው ተቀጥተው ነው» ይባል ነበር። እሳቸውም ይህን ወሬ አንድም ቀን አላስተባበሉም።

ጋሽ ይማም ጤና መኮንን ነበሩ። እኔ ከነርስነት ትምህርት ወጥቼ ሥራ ስጀምር ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ቃሬዛ ከሩቅ ቀበሌ ሲመጣ ወደ በሩ ወጥተው ይቀበላሉ፤ ተሸካሚዎቹ ከደከሙ አንዱን ወገን ራሳቸው ይይዛሉ። መኪና ያመለጠው በሽተኛ ቤታቸው ያድራል፤ ባለቤታቸው ማን እንደሆነ ሳይጠይቁ እራት ያቀርባሉ። እኛን ወጣቶቹን የሚመክሩን ምክር ደግሞ ይህ ነበር፤ «በሽተኛ አታቻኩሉ። ዋናውን ነገር የሚናገረው ሊወጣ በሩ ላይ ሲደርስ ነው።»

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ገና በየቀበሌው በተመደቡበት ሰሞን ከበላይ አንድ ጥናት መጣ። ሰው በጤናው ምክንያት ኑሮው ምን ያህል እንደተጓደለበት የሚለካ መጠይቅ ነው። ሕመም አለብዎ ወይ፣ እንቅልፍ ይወስድዎታል ወይ፣ ልብዎ ይከፋል ወይ፣ ሥራዎን ይሠራሉ ወይ እያለ ይጠይቃል፤ መልሱም በነጥብ ይሰላል። ከባዕድ ቋንቋ የተተረጎመ ነበር። ለሴቶች ቀዶ ሕክምና የሚሰጥ ቡድን ሊመጣ ስለነበር የሚሰፍርበት ቦታ በዚሁ ጥናት ውጤት እንዲወሰን ታዘዘ። ኃላፊው ጋሽ ይማም ሆኑ። እኔም ከጠያቂዎቹ አንዷ ሆንኩ።

አጠያየቁን ሊያሳዩን ወደ ታላቅ እህታቸው ቤት ይዘውን ሄዱ። የእህታቸውን ስም አልጽፍም፤ ምክንያቱን ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ። እኛ መደቡ ላይ ተደረደርን። የእህትየው ባል ሼሁ መቁጠሪያ ሙስበሃቸውን እየቆጠሩ በአጠገባችን ተቀመጡ። እህትየው ምሰሶውን ተደግፈው ቆሙ። ተቀመጡ ብንላቸው እምቢ አሉ፤ ለእንግዳ ክብር መስሎን ተውናቸው።

«እትዬ፣ ፎቅ ደረጃ ሲወጡ ይቸገራሉ?» ብለው ጋሽ ይማም መጠይቁን አነበቡ።

እህትየው ሳቁ። ፎቅ ያለው ደሴ እንደሆነ፣ ደሴን ደግሞ አይተው እንደማያውቁ ነገሯቸው። ጋሽ ይማምም ጥያቄውን ወደ ዳገት ለወጡት።

«ዳገቱንስ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«ሕመም የሚሰማዎ ነገር አለ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ።»

ልባቸው ይከፋ እንደሆነ ሲጠየቁ ሼሁ ቀና ብለው አዩዋቸው። እህትየውም አላህ በወሰነው የሚከፋ ልብ እንደሌላቸው መለሱ። እንዲህ እያለ መጠይቁ አለቀ። ሲሰላ ከፍተኛውን ነጥብ አገኙ፤ ፍጹም ጤነኛ ማለት ነው። ስንመለስ ጋሽ ይማም ደስ ብሏቸው ነበር። ሰው ያልገባውን ጥያቄ በሚገባው ቃል መለወጥ ዋናው ጥበብ እንደሆነ መንገዱን ሁሉ አስረዱን።

ውጤቱ ተጠናቅሮ ሲወጣ በጤናቸው ከሁሉ የተሻሉ ሆነው የተገኙት የገጠር ሴቶች፣ ከእነሱም ይልቅ በዕድሜ የገፉት ነበሩ። ብዙ ሕመም ያስመዘገበው ከተሜው ነጋዴ፣ መምህሩና የመንግሥት ሠራተኛው ነው። ጋሽ ይማም ሪፖርቱን አቀረቡ፤ ተጨበጨበላቸው። ሴቶቻችን ደህና ናቸውና ቡድኑ ወደ ሌላ ወረዳ ሄደ።

ከጥቂት ወራት በኋላ የእነ ጋሽ ይማም ዘመድ ኒካህ የሚያስርበት ሰርግ ነበር፤ እኔም ተጠርቼ ሄጃለሁ። እህትየው ወጥ የሞላ ድስት ሊያነሡ ሲሉ ወደቁ። ሴቶቹ ወደ ጓዳ አስገቧቸው። ጋሽ ይማም ወንድም ቢሆኑም መጋረጃውን ማለፍ አልቻሉምና እኔን ላኩኝ።

ማህፀናቸው ወጥቶ ነበር። የመጨረሻ ልጃቸውን ከወለዱበት ጊዜ ጀምሮ እንዲሁ እንደነበረ ነገሩኝ፤ ያ ልጅ ዛሬ ሚስት አግብቷል። በጨርቅ ደግፈው አስረውት ነው የሚኖሩት። መቀመጥ አይችሉም። እኛ ለክብራችን የቆሙ መስሎን የነበረው ለካ ሕመም ነው። ያን ቀን በተጠየቁ ጊዜ ለምን እንዳልተናገሩ ስጠይቃቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ባሌ ተቀምጦ፣ ወንድሜ እየጠየቀኝ፣ እናንተን የመሰሉ ልጆች እያያችሁኝ ይሄን ነውር ላወራ? ደግሞ ደህና ነሽ ወይ ሲባል አልሐምዱሊላህ የማይል ማን አለ? ምስጋና እኮ ነው ልጄ፣ መልስ አይደለም።»

ወጥቼ ለጋሽ ይማም ነገርኳቸው። በፎጣቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ብዙ ሰው ወዲያ ወዲህ ይል ነበር፤ ሁሉም ስለ እህታቸው ያዘኑ መሰለው። እኔ ግን አጠገባቸው ስለነበርኩ ያሉትን ሰምቻለሁ።

«ደህና ናት ብዬ የጻፍኩት በዚህ እጄ ነው።»

እህትየው ደሴ ተወስደው ታከሙ፤ ዳኑም። ነገሩ እዚያ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር፤ የጋሽ ይማም ወዳጆችም እንዲያበቃ መክረዋቸዋል። እሳቸው ግን እኔንና ሌላ አንዲት ነርስ ይዘው በጥናቱ ወደገቡባቸው ቤቶች ተመለሱ። በዚህኛው ዙር እሳቸው ከአጥር ውጭ ይቀመጡና ወንዶቹን ያጫውታሉ። እኛ ሴቶቹን ለብቻቸው እናነጋግራለን። ደህና ነዎት ወይ ብለን አንጠይቅም። እስላሚቱን ቆመው ነው ተቀምጠው የሚሰግዱት፣ ክርስቲያኒቱን ቅዳሴውን ቆመው ይጨርሳሉ ወይ፣ ውኃ የሚቀዳው ማን ነው እያልን እንጠይቃለን። የሰማነውን ሁሉ እዚህ አልዘረዝርም። አንዳንዷ ለእናቷ እንኳ ያልነገረችውን ነግራን ስታበቃ ቀና ብላ ማየት ያቅታት ነበር።

እኔ ተናድጄ ከተሜዎቹ አጋንነው ነው ብል ጋሽ ይማም ቆጡኝ። «መምህሩ አልዋሸም፤ ወገቡን ያመዋል። ሴትዮዋም አልዋሸችም። እሱ ሕመሙን ለባዳ መናገር ለምዷል፣ እሷ አልለመደችም። ሁለቱን በአንድ ሚዛን አስቀምጬ ይቺ ትበልጣለች ያልኩት እኔ ነኝ የዋሸሁት» አሉ።

ከዚያ ግምገማ መጣ። በዚያን ዘመን በግምገማ ላይ ግለ ሂስ ማድረግ ለሁላችንም የተለመደ ነበር። ሰዉ አርፍጃለሁ፣ ክትትሌ ላልቷል ይልና የማይጎዳውን ያህል ብቻ ራሱን ነቅፎ ይቀመጣል። ጋሽ ይማም ተነሥተው ሪፖርቱ ሐሰት እንደሆነ፣ የሠሩትም እሳቸው እንደሆኑ፣ በእሱ ምክንያት ቡድኑ ሌላ ቦታ እንደሄደ ተናገሩ። ስብሰባውን የሚመሩት ሰው ሪፖርቱ ወደ በላይ የተላለፈና የተመሰገነ መሆኑን አስታውሰው፣ የቤተሰብን ጉዳይ ከመንግሥት ሥራ ጋር እንዳያያይዙ አስጠነቀቋቸው።

ጋሽ ይማም ግን አልተቀመጡም። «አፍሬአለሁ» አሉ። «ሌላ የምለው የለኝም። አፍሬአለሁ።»

የአዳራሹ ሰው አቀርቅሮ የራሱን ጫማ ያይ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ዝቅ ባለ መደብ ወደ ማሻ ተዛወሩ። ሪፖርቱ አልተሰረዘም፤ እስከማውቀው ድረስ ዛሬም እንደተመሰገነ አለ።

ማሻ ሄጄ ጠይቄአቸው አውቃለሁ። አዲስ ለሚመጡ ባለሙያዎች ሁሉ የእህታቸውን ነገር ይነግሯቸዋል፤ የገዛ ጥፋታቸውንም አይሸሽጉም። አስቀድመው እህታቸውን አስፈቅደዋል። እህትየውም «ሴቶቹ ይዳኑበት፣ ስሜን ግን አታንሣ» ብለዋቸዋል። ስማቸውን ያልጻፍኩት ለዚህ ነው።

በኋላ በሁለተኛው ዙር በሰበሰብነው መረጃ መሠረት ጋሽ ይማም ከበላይ ጋር ሲጻጻፉ ከቆዩ በኋላ የቀዶ ሕክምናው ቡድን መካነ ሰላም መጣ። ጋሽ ይማም ከማሻ ፈቃድ ወስደው መጡ፤ ወደ ሕክምናው ግቢ ግን አልገቡም። በሩ ላይ ቆመው የሚገቡትን ሴቶች ያያሉ። ይህ ሁሉ ሰው በእሳቸው ምክንያት እየታከመ መሆኑን ነግሬ ላጽናናቸው ሞከርኩ።

«የምፈልገው የሌሉትን ነው» አሉኝ። ያን ጊዜ ከነገሩን ሴቶች መካከል ሕክምናው ሳይደርስላቸው የሞቱ ነበሩ። ጋሽ ይማም በስማቸው ያውቋቸዋል።

ጋሽ ይማም፣ ይህን እፍረት እስከ ቀብርዎ ተሸክመውት እንደሄዱ አውቃለሁ። ለቅሶዎ ላይ ድንኳኑን የሞሉት ሴቶች አፉ እንዳሉዎ፣ ይቅር እንዳሉዎ ይወቁልኝ፤ በአፋቸው ሲሉት ሰምቻለሁ። ያልመጡትን ወክዬ ግን መናገር አልችልም፤ እሱን ከእነሱው ጋር ይጨርሱታል። ሰው ቀብሩ እንደገባ መላኢካዎች መጥተው ይጠይቁታል ይላሉ የሃይማኖትዎ ሊቃውንት። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ቢሆንም ለእርስዎ ዱዓ አደርጋለሁ። ጠያቂዎችዎ አያቻኩሉዎ። በሚገባዎ ቃል ይጠይቁዎ፣ የሚያፍሩበት ሰው በሌለበት ይጠይቁዎ፣ የተናገሩትንም እንደተናገሩት ይጻፉልዎ። ደህና ይሁኑ መምህሬ።