ያልተወለወለ ቲማቲም

ሰውዬው ጠርዙ በቀይ ክር የተሰፋ ግራጫ ባርኔጣውን እንዳደረገ፣ ላምበረት ገበያ ከብርነሽ የአትክልት መደብ ፊት ቁጢጥ አለ። አንገቱ ላይ የመሥሪያ ቤት መታወቂያ ተንጠልጥሏል። ፍሎራይድ የተባለ ኬሚካል ያለበት ፀረ ተባይ ቲማቲም ላይ ከተፈቀደው በላይ ቀርቶ እንደሆነ ለማስመርመር ናሙና ይወስዳል።

ብርነሽ ደህና ደህናውን መርጣ፣ እንግዳ ነው ብላ በእርጥብ ጨርቅ ወልውላ ሰጠችው።

«አይ ልጄ» አለ ፈገግ ብሎ፤ «መርዝ ቢኖርበትም እኮ በጨርቅሽ ጠረግሽው። እንዳለ ነው የምፈልገው።»

ሆን ብላ ያደረገችው እንዳይመስለው ፈራች። እሱ ግን ሌላ መርጦ በወረቀት ከረጢት አሸገና ቁጥር ጻፈበት። እጁ ላይ ያለውን ጠባሳ ስታይ አያት።

«በወጣትነቴ እርሻ ላይ መድኃኒት ረጪ ነበርኩ። ጓንት ማን አውቆ!»

«ጋሼ፣ ውጤቱን ይነግሩኛል?»

«ደብዳቤው ሳይወጣ መናገር አልተፈቀደልኝም።»

ሁለት ሳምንት ሙሉ ሐሳብ ገባት። ልጆቿንም የምታበላው ከዚሁ መደብ ነው።

በሦስተኛው ቅዳሜ ባርኔጣውን ከሩቅ አየችው። መታወቂያውም የወረቀት ከረጢቱም የሉም። እንደ ባለፈው ቁጢጥ ብሎ ከኪሱ የተጣጠፈ ፌስታል አወጣ።

«ትንንሾቹን ምረጪልኝ፣ ልጄ። የልጅ ልጄ በእጇ ይዛ መግመጥ ነው የምትወደው።»

ብርነሽ ስለ ውጤቱ አልጠየቀችውም። ጨርቋን አርጥባ አንድ በአንድ ትወለውልለት ጀመር።